ለትልቅና ሰፊ እግር የሚሆን የብስክሌት ጫማ በመጠነኛ ዋጋ፦ የትኛው ዓይነት ለማን?

እግሩ 46 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በዚያ ላይ ወርዱ የሰፋ ሰው የብስክሌት ጫማ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «አንድ ቁጥር ጨምረህ ግዛ» የሚል ነው። ይህን ምክር አትቀበሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት በርዝመት 6.7 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን በወርድ ግን የሚጨምረው ቢበዛ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ወርዱ 8 ሚሊሜትር የጎደለውን ጫማ በርዝመት ለማካካስ አራት ቁጥር መጨመር ሊያስፈልግ ነው፤ ያኔ ተረከዝ የሚይዘው ያጣል።

በብስክሌት ጫማ ላይ ደግሞ የርዝመት ስህተት መዘዙ ከተራ ጫማ ይብሳል። ከሶሉ ሥር በብሎን ታስሮ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ቁራጭ፣ ክሊት የሚባለው፣ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች የሚበሱት የጫማው ርዝመት ተሰልቶ ነው። ጫማው በረዘመ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ወደ ፊት ይሸሻሉ፤ እግሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ክሊቱ ወደ ጣቶች ይጠጋና ባትና የተረከዝ ጅማት ከሚገባቸው በላይ ይለፋሉ። ጠባብ ጫማ ችሎ መጋለብም አያዋጣም። በእግር ጣቶች አጥንቶች መካከል የሚያልፉት ነርቮች ሲጨመቁ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ቀጥሎ የውስጥ እግር ማቃጠል ይጀምራል። ብዙ ጋላቢ ይህን በፔዳሉ ወይም በሶሉ ድርቀት ያሳብባል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ወርድ ነው።

በሚሊሜትር ለኩ

ልኬቱን ከሰዓት በኋላ ውሰዱ፤ እግር ውሎ ያብጣል፣ ረጅም ጉዞ ላይም እንዲሁ። የምትጋልቡበትን ካልሲ አድርጉ። ወረቀት ከግድግዳ ሥር አንጥፋችሁ ተረከዛችሁን ከግድግዳው አስጠጉና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ክብደታችሁ በሚለካው እግር ላይ ይረፍ። እርሳሱን ሌላ ሰው ቢይዝ ይሻላል፤ ራሳችሁ ካጎነበሳችሁ ክብደቱ ይዛወርና ልኬቱ ይበላሻል። እርሳሱ ፍጹም ቀጥ ብሎ ይቁም። ወደ እግሩ ሥር ካጋደለ ወርዱን በጥቂት ሚሊሜትር ያሳንሰዋል፤ በሰፊና በመደበኛ ጫማ መካከል ያለው ልዩነትም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ሦስት ልኬት ያስፈልጋል። አንደኛው ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለተኛው ወርድ ነው፦ ከአውራ ጣት ግርጌ ካለው የአጥንት ጉብታ እስከ ትንሿ ጣት ግርጌ ድረስ፣ እንደ እግሩ አቀማመጥ ሰያፍ ሆኖ። ሦስተኛው በዚሁ ቦታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር የሚለካው ዙሪያ ነው። ዙሪያው የሚያስፈልገው አንዳንዱ እግር ወርዱ መካከለኛ ሆኖ ጀርባው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው እግር የሚፈልገው ሰፊ ሶል ሳይሆን ጥልቅ ጫማ ነው። ሁለቱንም እግር ለኩና በትልቁ ሂዱ።

ወርዱን ለርዝመቱ አካፍሉ። ርዝመቱ 290፣ ወርዱ 110 ሚሊሜትር ቢሆን 0.38 ይወጣል፤ ወርዱ 116 ቢሆን 0.40። ለግምት ያህል፣ እስከ 0.38 ድረስ ብዙ መደበኛ ጫማ ይሞከራል፤ 0.39 እና 0.40 «ሰፊ» የሚባለውን ይጠይቃል፤ ከ0.41 በላይ የሆነ ሰው ግን ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ጫማ ከፈለገ ተጨማሪ ሰፊ የሚሠሩትን ጥቂት ፋብሪካዎች ከመፈለግ ሌላ አማራጭ የለውም።

የቁጥር ሠንጠረዥ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ ፋብሪካ በሺማኖ ሠንጠረዥ 28.5 ሳንቲሜትር እግር 45 ነው፤ 29.2 ለ46፣ 29.8 ለ47፣ 30.5 ለ48። በሌላ ፋብሪካ 46 የሚል ጫማ ከዚህ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። በተለይ ሲዲን የመሳሰሉ የጣሊያን ጫማዎች በጠባብነት ስለሚታወቁ የተራ ጫማችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትዘዙ።

የፊደሎቹንም ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ አቆጣጠር ለወንድ ዲ መደበኛ ነው፤ 2ኢ ሰፊ፣ 4ኢ ተጨማሪ ሰፊ። ለሴት መደበኛው ቢ ሲሆን ዲ ሰፊ ይባላል። ስለዚህ ሰፊ እግር ያላት ሴት የወንዱን መደበኛ ጫማ በራሷ የአውሮፓ ቁጥር ብትሞክር በአንድ እርምጃ ወርድ ታገኛለች፤ የሴቶች ምርት ብዙውን ጊዜ 42 ወይም 43 ላይ ስለሚያልቅ ትልቅ እግር ላላት የሚያዋጣው መንገድም ይኸው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የብስክሌት ጫማ ላይ «ሰፊ» የሚለው ጽሑፍ ከተራ ጫማ 4ኢ ጋር እኩል አይደለም። በተራ ጫማ 4ኢ የሚያደርግ ሰው በሺማኖ ሰፊ ሞዴል ውስጥም ሊጨነቅ ይችላል።

ወርዱን የሚወስነው ሶሉ ነው

ከማንኛውም ፋብሪካ በታዘዘ ጫማ ላይ ይህን ፈተና አስቀድሙ። የውስጥ ንጣፉን አውጥታችሁ መሬት ላይ አድርጉና ሙሉ ክብደታችሁን አሳርፋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በሁለቱም በኩል ከንጣፉ ጠርዝ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ከወጣ ጫማው አይሆናችሁም። ላይኛው ክፍል ለስላሳ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ምቹ ቢመስልም ለውጥ የለውም፤ የናይሎን ወይም የካርቦን ሶል አይለጠጥምና የእግሩ ጠርዝ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይገፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በትንሿ ጣት ግርጌ ላይ የሚሰማው ሕመም ከዚህ ይመጣል።

«ጫማ ሠሪ ጋ ወስጄ አስወጥረዋለሁ» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ላይኛው ክፍሉ እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ጫማ ሠሪው በፎርማ አስገብቶ በአንድ ጉብታ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ሊያገኝለት ይችላል። ሰው ሠራሽ ቁስ ግን ጥቂት ይለጠጥና ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በሙቀት ስፌት የለሽ ሆኖ የተጣበቀውማ ሊላቀቅ ይችላል። ማስወጠር በአንድ ቦታ ላይ ለሚነካ ጉብታ መፍትሔ ነው። ሶሉ የጠበበውን ጫማ ግን አያሰፋውም።

አራቱ መንገዶች

ሞዴል ከመምረጥ በፊት የሚመረጠው የፔዳል ዓይነት ነው፤ ገንዘቡም የሚቆጠበው ወይም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

በጣም ርካሹ መንገድ ጠፍጣፋ ፔዳልና ጠንከር ያለ ሶል ያለው ተራ ጫማ ነው። እግሩ ከ0.41 በላይ ለሆነ፣ ወይም 49 እና 50 ለሚያደርግ ሰው በቅድሚያ የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ በተራ የስፖርት ጫማ ዓለም ሰፊ ምርጫ አለና። ኒው ባላንስ ለምሳሌ 608 የተባለውን ሞዴል በ4ኢ ወርድና በትልልቅ ቁጥሮች ይሠራል። የመሮጫ ጫማ አትምረጡ፤ ሶሉ ለስላሳ ስለሆነ ፔዳሉ የውስጥ እግር ላይ ይጫናል። ሶሉን በሁለት እጅ ስታጥፉት ጣቶቹ ጋ ብቻ የሚታጠፍ፣ ከመካከሉ ግን እምቢ የሚል ይሁን። ፔዳሉን ሰፊ ምረጡ፦ ርዝመትና ወርዱ ከ100 እስከ 110 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጥቃቅን ችንካሮች ያሉት። የናይሎኑ ፔዳል ከአሉሚኒየሙ ይረክሳል፣ ለመንገድም በቂ ነው። ትልቅ እግር በትንሽ ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጭነቱ በአንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ «የእኔ ጫማ አይመችም» የሚለው ብዙ ቅሬታ ፔዳሉን በመቀየር ብቻ ይፈታል። እንደ ፋይቭ ቴን ፍሪራይደር ያሉ ለጠፍጣፋ ፔዳል ተብለው የተሠሩ ጫማዎች ሶላቸው ችንካሩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ወርዳቸው ግን መካከለኛ ስለሆነ ለ4ኢ እግር አይሆኑም።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ብሎን ክሊት የሚይዘው የተራራና የጉብኝት ጫማ ነው፤ ሺማኖ በ1990 ያወጣው ኤስፒዲ የተባለው ሥርዓት የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ትልቅና ሰፊ እግር ላለው፣ በጀቱም ለተወሰነ ሰው ምርጫችን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ክሊቱ በሶሉ የጎማ ጥርሶች መካከል ስለሚገባ በእግር መሄድ ያስችላል። ክሊቱ ብረት ስለሆነ ከመንገድ ብስክሌት ጫማ የፕላስቲክ ክሊት ይልቅ ብዙ ይቆያል። የተራራ ጫማ የጣት ክፍሉ ከመንገድ ጫማ ሰፋ ተደርጎ መቆረጡም የተለመደ ነው። ዕቃው ከውጭ በሻንጣ በሚመጣበት በኢትዮጵያ የክሊቱ ዕድሜ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ወርዶ ብስክሌት መግፋትም ያለ ነገር ነው። ድክመቱ ክብደቱ ነው፤ ከዚያ ሌላ ለረጅም የመንገድ ጉዞ የሚያሳጣው ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ባለ ሦስት ብሎን የመንገድ ጫማ ነው፦ ኤስፒዲ-ኤስኤልና ሉክ ኬኦ የተባሉትን የክሊት ዓይነቶች የሚይዘው። ሶሉ ድርቅ ያለ፣ ክሊቱ ሰፊ ስለሆነ ኃይሉ በሰፊ ቦታ ያርፋል፤ ለከባድ ጋላቢ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን የፕላስቲክ ክሊት በእግር ሲሄዱበት ቶሎ ያልቃል፣ ያንሸራትታል፣ የሚተካውም ገንዘብ ይጠይቃል። ለውድድር ወይም በቡድን ረጅም ርቀት ለሚጋልብ ካልሆነ በመጀመሪያ ግዢ አንመርጠውም። ሁለቱንም የቀዳዳ ዓይነት የያዙ ርካሽ የመንገድ ጫማዎችም አሉ፤ ባለ ሁለት ብሎኑን ክሊት ጥርስ በሌለው በዚያ ልሙጥ ሶል ላይ ብታስሩት ግን ወደ ታች ስለሚወጣ ሲሄዱበት ያዳልጣል።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ክሊት የሚይዝ ሰንደል ጫማ። የሺማኖ ኤስዲ5 ፊቱ ክፍት ስለሆነ ጣት የሚጨምቅ ግድግዳ የለውም፤ በቬልክሮ ስለሚጠብቅም እግሩ ሲያብጥ መንገድ ላይ ማላላት ይቻላል። ለቆላ ሙቀትና ለረጅም ጉብኝት ጥሩ ነው። ጣት ግን ያለ መከላከያ ይቀራል፤ ለብርድም ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። የንጣፉ ፈተና እዚህም ይሠራል፦ ጫማው ክፍት ቢሆንም እግሩ ከሶሉ ጠርዝ መውጣት የለበትም።

ሰፊ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ሲነጻጸሩ

ሺማኖ በዝቅተኛ ዋጋ የመጀመሪያው መድረሻ ነው። አርሲ3 ለመንገድ፣ ኤክስሲ3 ለተራራ በመደበኛና በሰፊ ወርድ ይወጣሉ፤ ሰፊው በሳጥኑ ላይ ኢ የሚል ምልክት አለው፣ ቁጥሮቹም ከብዙ ተወዳዳሪዎች በላይ ይደርሳሉ። ሻጩ «ሰፊ» መሆኑን በግልጽ ካልጻፈ መደበኛውን እንደሚልክላችሁ ቁጠሩት። እግራቸው 0.39 አካባቢ ለሆነ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ያጠራጥራል።

ሌክ በወርድ ምርጫው የሚታወቅ ፋብሪካ ነው፤ መደበኛ፣ ሰፊ፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም ተጨማሪ ሰፊ፣ እስከ 50 ቁጥር። የላይኞቹ ሞዴሎች ውድ ናቸው፤ ሲኤክስ 177ን የመሰሉት የታችኞቹ ግን በሰፊ ወርድ እየወጡ ከሺማኖ ጥቂት ብቻ ይበልጣሉ። በሌክ ላይ ልብ የሚባለው እያንዳንዱ ሞዴል የሚሠራበት ፎርማ መለያየቱ ነው፦ ለውድድር የተቆረጠው «ሰፊ» ለምቾት ከተቆረጠው «ሰፊ» ይጠባል። የሞዴሉን ፎርማ ሳታዩ ወርዱን ብቻ አይታችሁ አትዘዙ።

የአውስትራሊያው ቦንት ርካሽ አይደለም፤ ርካሾቹ ሁለት ጊዜ ከሽፈው ለሚገዙት ሰው ግን ሒሳቡ ይዞራል። ሪዮት የተባለው መግቢያ ሞዴል በሰፊና በድርብ ሰፊ ይገኛል፤ ሠንጠረዡ በሚሊሜትር ርዝመትና ወርድ ስለሚሠራ የወረቀቱ ልኬት በቀጥታ ይጠቅማል። ጫማው በሙቀት ይቀረጻል፦ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል፣ ከሳጥኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ መሠረት። የምድጃውን ሙቀት በቴርሞሜትር አረጋግጡ፤ የቤት ምድጃ ብዙ ጊዜ ከሚያሳየው በላይ ይግላል፣ ማጣበቂያውም ያኔ ይለቃል። ጎኖቹ እንደ ገንዳ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ወርዱ በስህተት ከታዘዘ ጠርዙ አጥንት ላይ ያርፋል። መቅረጽ ጥቂት ሚሊሜትር ያስተካክላል እንጂ የተሳሳተ ወርድ አያድንም።

ስፔሻላይዝድ ቶርች በተባለው መስመሩ ሰፊ ወርድ ያወጣል፤ ሲዲ ለሰፊው ሜጋ የሚለውን ስም ይጠቀማል፤ ፊዚክም ጥቂት ሰፊ ሞዴሎች አሉት። የጂሮ ኤችቪ ግን ይለያል፦ ከወርዱ ይልቅ ጥልቀቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የእግር ጀርባቸው ከፍ ላለ ሰዎች ነው። ወርድ ብቻ ለጎደለው ሰው ቅር ያሰኛል።

ማሰሪያው

ክር ያለው ጫማ ለሰፊ እግር ከሁሉም ይሻላል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። የመጀመሪያውን ጥንድ ቀዳዳ ክር ሳታስገቡ ዝለሉት፣ የጣቱ ክፍል ወዲያው ይላላል፤ ከላይ አጥብቃችሁ ተረከዙን መያዝ ትችላላችሁ። የክሩ ጫፍ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ግን ቋጠሮውን ሸጉጡት። ቬልክሮ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ጀርባው ከፍ ባለ እግር ላይ ግን ማሰሪያው አጥሮ የሚይዘው ከጫፉ ብቻ ይሆናል፣ እግር ሲጫን ይላቀቃል። ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ያህል ተደራርቦ መያዝ አለበት። ቦአ የተባለው የሚሽከረከር ቁልፍ በጉዞ ላይ ማላላት ያስችላል። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ግን ጣትንና የእግር ጀርባን በአንድ ላይ ስለሚስብ ለሰፊ እግር ሁለት ቁልፍ ያለው ይመረጣል፤ ካልተቻለ ከታች ቬልክሮ፣ ከላይ ቁልፍ ያለው።

ገንዘቡ የሚቆጠብበት

አዲስ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ይረክሳል፤ ትልልቅና ሰፊ ቁጥሮች ደግሞ ፈላጊያቸው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከቅናሹ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ለትልቅ እግር ያለው ብቸኛ ዕድል ይህ ነውና ተጠቀሙበት። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ያላችሁ ሁለት ወርድ በአንድ ላይ አዝዛችሁ የማይሆነውን መልሱ፤ የመመለሻው ወጪ የማን እንደሆነ ግን ቀድማችሁ አንብቡ። ክሊት ከመታሰሩ በፊት ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ ቆዩ፤ ሶሉ ላይ ጭረት ያለበትን ጫማ ብዙ ሻጭ አይቀበልም። ጣት ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ክፍት ይሁን፤ ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ማንቀሳቀስ ቻሉ፤ ተረከዙን ሌላ ሰው ይዞት ወደ ላይ ስትስቡ አይውጣ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ በሚመጣ ዘመድ የምታስልኩ ከሆነ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «46 ግዛልኝ» ብላችሁ አትላኩ፤ የእግራችሁን ሥዕል በወረቀት፣ ሦስቱን ልኬት በሚሊሜትር፣ የፋብሪካውን ሠንጠረዥ መስመርና «ሰፊ» የሚለውን የሞዴሉን ሙሉ ስም ላኩ። ፔዳሉን፣ ክሊቱንና አንድ ትርፍ ክሊት አብራችሁ አስመጡ፤ ክሊት የሌለው ባለ ክሊት ጫማ ሥራ የለውም።

ከልባሽ ተራ የሚገኝ ጫማ ሊያዋጣ ይችላል። ማየት ያለባችሁ የሶሉን ስንጥቅ በክሊቱ ቀዳዳ ዙሪያ፣ ውስጥ ያሉት የብሎን መያዣዎች ዝገው አለመዞራቸውን፣ የቦአውን ሽቦ መላላጥ ነው። ብሎኖቹ ዝገው ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት፤ ጥርሱ ከተበላ ማስወጣት ከባድ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ

ጫማው ለጥቂት ከጠበበ መጀመሪያ የውስጥ ንጣፉን በቀጭን ተኩት፤ 2 ሚሊሜትር መቀነስ የዙሪያውን ጭነት ያረግባል። ቀጥሎ ቀጭን ካልሲ። ክሊቱን የሚይዙትን ብሎኖች ግሪስ ቀብታችሁ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና ፈትሹ። ትልቅ እግር ያለው ሰው ክሊቱን ከአውራ ጣት ጉብታ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ቢያስቀምጠው ባት ያርፋል፣ ጣትም አይደነዝዝም። ለጀማሪ በሺማኖ ኤስፒዲ ላይ ኤስኤች56 የተባለው ክሊት በብዙ አቅጣጫ ስለሚለቅ ይቀላል፤ የፔዳሉን ስፕሪንግም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አላሉት።

ሰፊ ጫማ የፔዳሉን ክንድ ሊያሻሽ ይችላል። ጭረት ካያችሁ ክሊቱን በጫማው ላይ ወደ ውስጥ፣ ወደ ክንዱ በኩል ግፉት፤ ጫማው ወደ ውጭ ይሄዳል። ያ ካልበቃ በፔዳሉና በክንዱ መካከል 1 ወይም 1.5 ሚሊሜትር ሮንዴላ አስገቡ። ከዚያ በላይ መደራረብ የፔዳሉ ጥርስ የሚይዝበትን ስለሚያሳጥር አደገኛ ነው። ፔዳሉን ስትፈቱ የግራው ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን አትርሱ፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። 47 እና ከዚያ በላይ የምታደርጉ በትንሽ ፍሬም ላይ ከሆናችሁ ፔዳሉን አግድም ወደ ፊት አድርጋችሁ የፊቱን ጎማ አዙሩና ጣታችሁ ይነካ እንደሆነ እዩ። በፍጥነት ስትጋልቡ መሪው ያን ያህል ስለማይዞር አያሰጋም፤ ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ ግን ሊጥል ስለሚችል በዚያን ጊዜ ከመታጠፊያው በተቃራኒ በኩል ያለውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ። ከኋላ የዕቃ ቦርሳ የምትጭኑም ቦርሳውን ተረከዝ እስከማይነካው ድረስ ወደ ኋላ አርቁት።